ከበረዶ የወጣ ማሞዝ ክሎን ማድረግ ለምን አልተቻለም?

ማሞዝ ከምድር የጠፋ ፀጉራም የዝሆን ዘመድ ነው። «ሥጋውና ፀጉሩ ሳይበሰብስ ከተገኘ ምን ጎደለ?» ላልከው፣ የጎደለው ጤነኛ ሴል ነው። ክሎን ለማድረግ፣ ማለትም ከአንድ እንስሳ ሴል የዚያኑ እንስሳ ቅጂ ለማስወለድ፣ ኒውክለሱ (ዲኤንኤው የሚቀመጥበት የሴሉ እምብርት) ያልተጎዳ ሴል ያስፈልጋል። ዶሊ የተባለችው በግ እ.ኤ.አ. በ1996 የተወለደችው ከእንዲህ ያለ ሴል ነው። የማሞዙ ዲኤንኤ ግን በሺህ ዓመታት ውስጥ ብጥስጥሱ ወጥቷል። ቁርጥራጩን ማንበብ ይቻላል፤ ፅንስ ግን አይወጣውም።

ሴሉ ቀድሞ ከተቀመጠ ነገሩ ይለያል። የመጨረሻዋ የፒሬኒስ (በስፔንና በፈረንሳይ መካከል ያሉ ተራሮች) የዱር ፍየል በ2000 ሞተች። ከዚያ በፊት ከቆዳዋ ናሙና ተወስዶ በፈሳሽ ናይትሮጅን ተቀምጦ ነበር። በ2003 ከዚያ ሴል ግልገል ተወለደች። ሳንባዋ ጤነኛ ስላልነበረ በደቂቃዎች ውስጥ ሞተች። ያን ያህል ተደክሞ እንዲያ መሆኑ እስካሁን አንጀቴን ይበላዋል። ቢሆንም ዝርያው ከጠፋ በኋላ ክሎን ሆኖ የተወለደ የመጀመሪያው እንስሳ እሷ ናት።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ። እንዲህ ያሉ ዜናዎችን ስከታተል እንዳየሁት፣ «ከሞት ተነሣ» የተባለው ሁሉ ክሎን አይደለም። በ2025 «ዳየር ወልፍ (ከሺህ ዓመታት በፊት የጠፋ ተኩላ መሰል አውሬ) ተመለሰ» ሲባል የተሠራው፣ የግራጫ ተኩላ ሴል ወስዶ 14 ጂኖቹ ላይ 20 ለውጥ ማድረግ ነው። እንዲህ ያለ ዜና ስታገኝ መጀመሪያ ሴሉ ከየትኛው እንስሳ እንደተወሰደ ፈልግ።