ወሬ የጨረሰች መስሎኝ ነበር

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት ጉልበቴን ብሎ መጣ። ጉልበቱ ደህና ነው፤ ጭኑን ማጠንከር ብቻ ይበቃዋል። እንቅስቃሴዎቹን አሳይቼው ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ቆም አለ። ከጓደኛው ጋር ለማራቶን እየተለማመዱ ነው። ጓደኛው ግን ይዘገያል። "እማማ፣ እሱን ስጠብቅ እኔም ወደኋላ እየቀረሁ ነው መሰለኝ። ለብቻዬ ብሮጥ አይሻልም?"

እማማ መባሉን ለምጄዋለሁ፤ ትንሽ ቅር ይለኛል እንጂ። ጥያቄው ግን ሌላ ቦታ ነካኝ። "ሐሙስ ስትመጣ እነግርሃለሁ" ብዬ ሸኘሁት። ሰላሳ ዓመት ሙሉ ስለ አጥንትና ጅማት ስመልስ የኖርኩ ሰው፣ ለአንድ የልጅ ጥያቄ ቀጠሮ ሰጠሁ።

እስከ ሐሙስ የማስበውን እዚህ ልጻፈው። እንደሱ የምትጠይቁ ብዙ ትኖራላችሁ።

ፊዚዮቴራፒስት ሆኜ ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት፣ እኔና የልብ ጓደኛዬ ማራቶን እንሮጣለን ብለን ተማማልን። ሐሳቡ የእሷ ነበር። እኔ እስከዚያ ድረስ አውቶቡስ ሊያመልጠኝ ካልሆነ ሮጬ አላውቅም። ስሟን አልጽፍም፤ አንብባ ትስቅብኛለች። 18 ሳምንት ነበረን። ዕቅዱን ደብተር ላይ በማስመሪያ አሰመርኩት። ግባችን ከ4 ሰዓት በታች መግባት ነው። 42.195 ኪሎ ሜትርን በዚያ ሰዓት ለመጨረስ እያንዳንዱን ኪሎ ሜትር በ5 ደቂቃ ከ41 ሰከንድ ገደማ መሮጥ ያስፈልጋል። ያችን ቁጥር እጄ ላይ በእስክሪብቶ ጽፌ ነበር የምዞረው። በሽተኞቼ ስልክ ቁጥር ይመስላቸው ነበር።

ጓደኛዬ ወሬኛ ናት። ሊነጋጋ ሲል ጀምረን ፀሐይ እስክትወጣ አፏ አያርፍም። የአለቃዋን አካሄድ፣ የጎረቤቷን ጠብ፣ እህቷን ሊያገባ የመጣውን ሰውዬ። ታሪኩ ጫፍ ሲደርስ ዳገት ይመጣል። ትንፋሿን ትሰበስብና ዳገቱ ሲያልቅ ካቆመችበት ትቀጥላለች። ያንን ሰውዬ እኔ በዓይኔ አላየሁትም፤ ግን ዛሬም መንገድ ላይ ባገኘው የማውቀው ይመስለኛል። የመጀመሪያዎቹን ስምንት ሳምንታት በእሷ ወሬ ነው የሮጥኳቸው።

ዘጠነኛው ሳምንት ላይ እግሬ በረታ። ያኔ አንድ አመል አመጣሁ። ጎን ለጎን እየሮጥን ግማሽ እርምጃ እቀድማለሁ። ግማሽ ብቻ። እሷ ልትደርስብኝ ትንሽ ትጨምራለች። ስትደርስ እኔም ሳላስበው እጨምራለሁ። ሁለት ሰው አብሮ የሮጠ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። እንዲህ ሲሆን ሶምሶማ መሆን የነበረበት ቀን ውድድር ሆኖ ያርፈዋል። ደግሞ "ሳላስበው" ማለቴ ውሸት ነው። አስቤው ነበር። ደስ ይለኝ ነበር።

ከዚያ ጓደኛዬ ዝም አለች።

ወሬ የጨረሰች መስሎኝ ነበር። "ሰውዬው እህትሽን አገባት ወይስ ቀረ?" አልኳት አንድ ቀን። "በኋላ" አለችኝ። እኔ ደግሞ ለበሽተኞቼ በየቀኑ የምለው ምንድን ነው? ቀላል ሩጫ ማለት ሙሉ ዓረፍተ ነገር እየተናገራችሁ የምትሮጡት ነው እላለሁ። ሥራ ቦታ እናገረዋለሁ፣ ጠዋት ላይ እረሳዋለሁ።

አሥራ ሦስተኛው ሳምንት ላይ የጫማዋን ክር ስታስር ቅልጥሟን በአውራ ጣቷ ስትጫን አየኋት። በማግስቱም። በሦስተኛውም ቀን። ሁልጊዜ አንድ ቦታ ነው የምትጫነው። ሯጭ ቅልጥሙን ማመሙ ብርቅ አይደለም። ሕመሙ በረጅሙ ከተዘረጋና ሰውነት ሲሞቅ ከቀነሰ ብዙ ጊዜ የጡንቻና የአጥንት ሽፋን ብግነት ነው። በአንድ ጣት የሚሸፈን ቦታ ከሆነና ስትሮጡ የሚብስ ከሆነ ግን ወደ አጥንቱ ነው የሚጠረጠረው። ይህን ያወቅኩት በኋላ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህን ባልጻፍኩ። ያኔም አውቀው ነበር። ፈተና ላይ ጽፌዋለሁ።

"አሞሻል እንዴ?" አልኳት።

"ድካም ነው። አበበ ቢቂላ ትርፍ አንጀቱን ተቀዶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ቶኪዮ ላይ ወርቅ አመጣ፤ እኔ በቁርጥማት ልቅር?"

ሳቅኩ። ደስ የሚል መልስ ነበር፤ እውነትም ነው። አበበ እ.ኤ.አ. በ1964 ቶኪዮ ላይ ያሸነፈው ከቀዶ ጥገናው ብዙም ሳይቆይ ነው። ትርፍ አንጀት ግን የእግር አጥንት አይደለም። ደግሞ ያው አበበ ከ4 ዓመት በኋላ ሜክሲኮ ሲቲ ላይ እግሩን አሞት ግማሹን ሳይጨርስ አቋርጧል። ሁለት ጊዜ የኦሎምፒክ ማራቶን ያሸነፈ ሰው አቋርጦ ወጣ! የዚያን ቀን ወርቁን ያመጣው ማሞ ወልዴ ነው። ይህን ልነግራት ይገባኝ ነበር። አልነገርኳትም። ከፊታችን የ32 ኪሎ ሜትሩ ልምምድ አለ። ለብቻዬ መሮጡን ፈራሁት። እውነቱ ይኸው ነው።

ስለ አጥንት ትንሽ ልበል፤ ሥራዬ ነውና ታገሱኝ። ሰው ሩጫ ሲጀምር ልቡና ትንፋሹ በጥቂት ሳምንታት ይሻሻላሉ። አጥንት ግን ቀርፋፋ ነው። ጫና ሲበዛበት መጀመሪያ አሮጌውን ያፈርሳል፣ አዲሱን የሚገነባው ከዚያ በኋላ ነው። በመሃል ያለው ጊዜ አጥንቱ የሚሳሳበት ነው። ችግሩ ሰውዬው ልክ በዚያን ጊዜ ጎበዝ እንደሆነ ይሰማዋል። ትንፋሹ አይቆረጥም፣ ስለዚህ ይጨምራል።

የ32ቱ ቀን 27ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ቆመች። መንገድ ዳር ቁጭ አለች። "አንቺ ሂጂ" አለችኝ። አልሄድኩም፤ ይህን እንኳ ይመዝገብልኝ። ደግፌ ወሰድኳት። መጀመሪያ የተነሳችው ራጅ ምንም አላሳየም። እንዲህ ዓይነት የአጥንት ስንጥቅ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብዙ ጊዜ በራጅ አይታይም። ቆይቶ ሲታይ ፀጉር የምታህል መስመር ናት። ክራንች ተሰጣት፣ ሩጫ ተከለከለች።

እኔ ግን ሮጥኩ። እሷ ናት ሩጪ ያለችኝ። 34ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ውሃ ይዤ እቆማለሁ አለች፤ ቆመችም። እዚያ ስደርስ እግሬ እንጨት ሆኗል። ሰውነት ያጠራቀመው ስኳር ከ30ኛው ኪሎ ሜትር ወዲያ ማለቅ ይጀምራል፤ በሰው አፍ የሰማሁትን ያኔ በእግሬ ሰማሁት። ስሜን ስትጠራ ቀና አልኩ። በክራንቿ ተደግፋ ጠርሙሱን ዘርግታለች። ያለችው በመንገዱ በወዲያኛው በኩል ነው። ሰዓቴን አየሁ። ተሻግሬ፣ ቆሜ፣ ጠጥቼ ብመለስ ስንት ሰከንድ እንደሚበላ አሰላሁ። እጄን አውለብልቤላት አለፍኩ።

4 ሰዓት ከ41 ሰከንድ ገባሁ።

በኋላ ሳገኛት ጠርሙሱ ባዶ ነው። "ውሃውስ?" አልኳት። "ጠጣሁት። እኔም ቆሜ ነው የዋልኩት" አለች። ሳቅን። በዓመቱ ማራቶኑን ጨረሰች፤ ከሌሎች ሰዎች ጋር ተለማምዳ። ሰዓቷን ከሰው ሰማሁ። አልተጣላንም፤ እንደዋወላለን። የእህቷን ሰውዬ መጨረሻ ግን እስከ ዛሬ አልነገረችኝም። እኔም ደግሜ አልጠየቅኳትም።

እንግዲህ ምክር ከሆነ የምትፈልጉት ጥቂት አለኝ። ስለ ውሃ፣ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ጫማ አልናገርም። የዛሬ ልጆች ስለ ጫማ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ። እግሩ ሳይጠነክር ጫማውን ቀድሞ የሚገዛ ትውልድ ነው። ሮጣችሁ ትንፋሻችሁ ሳይመለስ ፎቶው ተለጥፏል። ሰዓታችሁ "ዛሬ እረፍ" ካላላችሁ አታርፉም፤ አብሯችሁ የሚሮጠውን ሰው ፊት ከማየት የእጅ ሰዓት ማየት ይቀናችኋል። ይህን ስል ልጄ የገዛችልኝ አንድ እንደዚያ ያለ ሰዓት እጄ ላይ ነው። ትናንት ማታ ደህና እንዳልተኛሁ ነገረኝ። አመንኩት።

ለረጅም ጊዜ "ፍጥነታችሁ ካልተመጣጠነ አብራችሁ አትለማመዱ" እል ነበር። አሁንም ለፈጣኑ ቀን እንዲሁ እላለሁ፤ ያን ቀን ለየብቻ ሩጡ። ቀላሉን ቀንና ረጅሙን ሩጫ ግን አብራችሁ፣ በዝግተኛው ፍጥነት። ፈጣኑን አይጎዳውም። የማራቶን ልምምድ አብዛኛው ክፍል ቀላል ሩጫ ነው፣ ቀላሉን አክብዶ የሚሮጥ ሰው ደግሞ ለከባዱ ቀን ጉልበት አይተርፈውም። ብቻውን የሚሮጥ ሰው ደግሞ ማን ያየዋል? ኬንያዊው ሯጭ ኪፕቾጌ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2019 ቪየና ላይ የማራቶንን ርቀት በ1:59:40 ሲገባ በየተራ የሚቀያየሩ አሯሯጮች ከፊቱ ነበሩ። እንደ ሪከርድ አልተመዘገበለትም፤ እኔ ግን ያንን ሩጫ ሳይ ዓይኔ አሯሯጮቹ ላይ ነበር።

ዛሬ ሐሙስ ነው። ልጁ ጠዋት መጣ። ጉልበቱ ተሽሎታል። ይህን ሁሉ ልነግረው ተዘጋጅቼ፣ ከአፌ የወጣው አንድ ጥያቄ ብቻ ሆነ።

"ጓደኛህ ስትሮጡ ያወራል?"

ትንሽ አሰበ። "ድሮ በጣም ያወራ ነበር" አለኝ። "አሁን ትንፋሹን እየቆጠበ ነው መሰለኝ።"

"ነገ ይዘኸው ና" አልኩት።