«በሩብ ቀነሰ» ወይስ «ሩቡ ቀረ»?

ጥያቄ፦ የፊዚክስ መምህር ነኝ። ግማሽ ዕድሜው፣ ማለትም ግማሹ ወደ ሌላ ንጥረ ነገር እስኪለወጥ የሚፈጀው ጊዜ፣ 8 ቀን ስለሆነው ጨረር አመንጪ አዮዲን 131 ፈተና አወጣሁ። «80 ሚሊግራም አዮዲን በ16 ቀን በሩብ ይቀንሳል፤ ስንት ይቀራል?» ብዬ ጻፍኩ። መልሱ 20 ነው፣ ብዙዎቹ ግን 60 አሉ። ለመሆኑስ «ግማሽ ዕድሜ» ነው ወይስ «ግማሽ ሕይወት» የሚባለው?

መልስ፦ መምህር፣ የልጆቹን ማርክ እንዳይቆርጡ አደራ። አማርኛውን በትክክል ነው ያነበቡት። የ400 ብር ጫማ «ዋጋው በሩብ ቀንሷል» ቢባሉ ስንት ይከፍላሉ? 300 ነዋ! 100 ብር ቢዘረጉ ባለሱቁ አይሸጥልዎትም። «በ» ከ«ቀነሰ» ጋር ሲመጣ የሚነግረን የሄደውን እንጂ የቀረውን አይደለም፤ የ80 ሩብ 20 ነው፣ እሱ ሲነሳ 60 ይቀራል።

ነገሩ እስካሁን ያልታወቀዎት በግማሽ ምክንያት ይመስለኛል። «በግማሽ ቀነሰ» አሉ «ወደ ግማሽ ቀነሰ»፣ ያው 40 ነው፤ የሄደውና የቀረው እኩል ናቸውና። ከሁለተኛው 8 ቀን ጀምሮ ግን ይለያያሉ። በ16ኛው ቀን 20 ይቀራል፤ ስለዚህ ወደ ሩብ ወረደ፣ ወይም በሦስት አራተኛ ቀነሰ። በ24ኛው ቀን 10 ይቀራል። እዚህ ላይ «በአንድ ስምንተኛ ቀነሰ» ብለው ቢጽፉ ደግሞ 70 ይሉዎታል። እኔ ብሆን «ቀነሰ»ን ትቼ «ቀረ»ን እይዛለሁ። «ሩቡ ቀረ» ሲባል ማንም አይሳሳትም። «ጠፋ»ም ባይሉ ጥሩ ነው፤ አዮዲኑ ዜኖን ወደሚባል ጋዝ ነው የሚለወጠው።

ስሙን በተመለከተ «ግማሽ ዕድሜ»ን እመርጣለሁ። ዕድሜ በግዕዝ የተቀጠረ፣ የተወሰነ ጊዜ ማለት ነው። እዚህም የምንለው ይህንኑ ነው፦ 80 ሚሊግራም ይሁን 8፣ ዛሬ መቁጠር ይጀምሩ የዛሬ ወር፣ ግማሹ እስኪለወጥ የሚፈጀው ያው 8 ቀን ነው። ሕይወት ይህን የቀጠሮ ትርጉም አይሰጥም።

እርግጥ «ግማሽ ዕድሜ»ም ቢሆን አንድ ነገር ያሳስታል። ግማሹ በ8 ቀን ከሄደ ሌላው ግማሽ በሚቀጥለው 8 ቀን ተጠቃሎ ያልቃል ብሎ የሚያስብ ተማሪ አይጠፋም። ለእሱ የቼርኖቤልን የኑክሌር ጣቢያ አደጋ ይንገሩት። በ1986 እ.ኤ.አ. የተበተነው ሲዚየም 137 የተባለ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር ግማሽ ዕድሜው 30 ዓመት ገደማ ነው። በ2016 ግማሹ ቀረ። በ2046 ሩቡ ይቀራል።