ከቶሮንቶ መጥቶ የድሬዳዋ በረራ ለመያዝ ስንት ሰዓት ይበቃል?

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። እህትሽ ከሁለት ልጆቿና ከእናታችሁ ጋር ከቶሮንቶ ተነስታ ጠዋት ቦሌ ትደርሳለች። ትኬት የቆረጠላት ሰው ቦሌ ከደረሰች ከ1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ በኋላ ለድሬዳዋ የሚነሳ በረራ ይዞላታል። እናንተ ደግሞ ከሐረር መኪና ተኮናትራችሁ ልትቀበሏቸው ነው። «ይበቃታል ወይ?» ነው ያልሽው።

አይበቃም። ለእነዚህ አራት ሰዎች ከ4 ሰዓት ያነሰ ክፍተት አትቀበሉ። 5 ሰዓት ቢሆን ደግሞ እሰየው።

ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ትኬት ቢሮ ውስጥ ለዓመታት ሠርቻለሁ። ድሬም ሆነ ሐረር ውጭ አገር ሰው የሌለው ቤት ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ይህ ጥያቄ በየሳምንቱ ይመጣል። ትንሽ ላርዝመውና ምክንያቱን ልንገርሽ፤ ለእህትሽም አንብቢላት።

«ከ1 ሰዓት በላይ ካለ ችግር የለም» የሚሉ ሰዎች በሐሳባቸው ያለው ዱባይ ወይም ፍራንክፈርት ላይ የሚደረገው ትራንዚት ነው። እዚያ ከአንድ በር ወጥተሽ ወደ ሌላ በር ትሄጃለሽ። ሻንጣሽን አታይውም። ወደ ድሬዳዋ ሲሆን ግን ነገሩ ሌላ ነው። የእኛ ኤርፖርት፣ አባ ጠና ደጃዝማች ይልማ፣ ዓለም አቀፍ ቢባልም ከአዲስ አበባ የሚመጣው አውሮፕላን የአገር ውስጥ በረራ ነው። ስለዚህ ሰው አገር የሚገባው ቦሌ ላይ ነው። ፓስፖርቱ የሚመታው እዚያ ነው። ጉምሩኩም እዚያው ነው። አንዱ ጉዞ ቦሌ ላይ ያልቅና ሌላ ጉዞ ከዜሮ ይጀመራል።

እስቲ እህትሽን ተከትለን እንሂድ። አውሮፕላኑ በሰዓቱ አረፈ እንበል። ቆሞ፣ በር ተከፍቶ፣ ሰው ከላይ ሻንጣውን አውርዶ እስኪወጣ ድረስ ጊዜ ይሄዳል። ልጅ የያዘና አዛውንት የያዘ ሰው መቼም መጨረሻ ላይ ነው የሚወጣው። አንዳንዴ አውሮፕላኑ ራቅ ብሎ ይቆምና በአውቶቡስ ወደ ተርሚናሉ ይኬዳል። ይህ ብቻውን ግማሽ ሰዓት ይበላል። ቀጥሎ ኢሚግሬሽን ነው። ከዚያ የሻንጣ ቀበቶ። ከዚያ ጉምሩክ። ከዚያ ጋሪ እየገፉ ወደ አገር ውስጥ ተርሚናል። እሱም በር ላይ ፍተሻ አለው፤ ጫማና ቀበቶ ማውለቅ፣ ሻንጣውን እንደገና ማሽን ላይ መጫን። ከዚያ ቼክ ኢን። ካውንተሩ ደግሞ አውሮፕላኑ ከሚነሳበት ሰዓት ቀድሞ ይዘጋል። ትኬቱ ላይ የምታዩት ሰዓት የመነሻው ነው፤ እናንተ መድረስ ያለባችሁ ለካውንተሩ ነው። ያንን ስትቀንሱት 1 ሰዓት ከ40 የተባለው ወደ 1 ሰዓት ገደማ ይወርዳል።

ኢሚግሬሽኑ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ነው። ተርሚናል 2 በ2011 ዓ.ም. ሰፍቶ በዓመት 22 ሚሊዮን መንገደኛ እንዲያስተናግድ ሆኗል። ቦታው ጠቦ አይደለም። ችግሩ አውሮፕላኖቹ በማዕበል መምጣታቸው ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ትራንዚት የሚያገናኝ አየር መንገድ ስለሆነ ከአሜሪካ፣ ከአውሮፓና ከዓረብ አገር የሚመጡት በረራዎች ጠዋት ላይ ተቀራርበው ያርፋሉ። እህትሽ በዚያው ሰዓት ነው የምትደርሰው። ከፊቷ የሌላ ሁለትና ሦስት አውሮፕላን ሰው ሊሰለፍ ይችላል። ሰልፉ አንድ ቀን በ20 ደቂቃ ያልቃል፤ ሌላ ቀን ከ1 ሰዓት በላይ ይፈጃል። የትኛው ቀን እንደሚደርሳት ማንም አያውቅም።

እናታችሁ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዘዋል ብለሻል። ልጆቹ ግን የካናዳ ነው። የሁለቱ ሰልፍ ይለያያል። እህትሽ እናቷን ብቻቸውን አትለቅ፣ ልጆቹን አትተው፤ መሐል ላይ ትጨነቃለች። መፍትሔው እናታችሁ ላይ ነው። ትኬቱ ላይ ዊልቸር ይጠየቅላቸው። ነጻ ነው፣ ቀድሞ መመዝገብ ግን አለበት። እግራቸው ደህና ቢሆንም እንኳ ከዚያ ረጅም በረራ በኋላ ሰልፍ ላይ መቆም ለእሳቸው ከባድ ነው። ዊልቸር የሚገፋው ሠራተኛ ከአውሮፕላኑ በር ተቀብሎ በኢሚግሬሽን አሳልፎ ያወጣቸዋል። እህትሽም እጇ ለልጆቹ ነጻ ይሆናል። ለልጆቹ ደግሞ የትውልደ ኢትዮጵያ መታወቂያ፣ ያው ቢጫ ካርድ የምንለው፣ ካላቸው ያለ ቪዛ ይገባሉ። ከሌላቸው ቪዛውን በኢንተርኔት ቀድማ ታውጣና ወረቀቱን አትማ ትያዝ። እዚያ ደርሳ ቪዛ ልታወጣ ካሰበች ሌላ ሰልፍ ጨመረች ማለት ነው። አዲስ ስልኮችና ላፕቶፖች በብዛት ከያዘችም ጉምሩክ ጥያቄ ይጠይቃታል፤ ለዚያም ጊዜ ይያዝ።

ሻንጣ። ቶሮንቶ ላይ ሻንጣ ስታስረክብ የሚለጠፈውን ወረቀት ቆም ብላ ታንብበው። የአዲስ አበባ ኮድ ኤዲዲ ነው፣ የድሬዳዋ ዲአይአር። «ሻንጣው አዲስ ላይ ይወጣል ወይስ እስከ ድሬ ይሄዳል?» ብላ እዚያው ትጠይቅ። ድሬ የሚል ቢለጠፍበትም ቦሌ ላይ ሳትጠይቅ ቀበቶውን አልፋ እንዳትሄድ። ድሬ ደርሰው ሻንጣቸው አዲስ አበባ ሲዞር የዋለባቸው ሰዎች አሉ።

አሁን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝን ልጠይቅሽ። ትኬቱ አንድ ነው ወይስ ሁለት? ከቶሮንቶ እስከ ድሬ በአንድ የቡኪንግ ቁጥር ከሆነ፣ የመጀመሪያው በረራ ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጣቸው አየር መንገዱ በቀጣዩ ያስገባቸዋል። ለየብቻ የተገዛ ከሆነ ግን ማንም ተጠያቂ የለም። የአገር ውስጡ ትኬት «መንገደኛው አልቀረበም» ተብሎ ይመዘገባል፤ ቅጣት ከፍሎ መቀየር ወይም አዲስ መግዛት ነው። የሚፈቀደው ኪሎም ይቀንሳል። ከካናዳ በነፍስ ወከፍ ሁለት ሁለት ሻንጣ ይዘው መጥተው እዚህ ትርፍ ኪሎ ሲጠየቁ ይደነግጣሉ።

ከጅዳ የመጡ አንዲት እናት ነበሩ። ትኬቱን የቆረጠላቸው ሌላ ቦታ ነው፣ ሁለት የተለያየ ትኬት። አውሮፕላናቸው ትንሽ ዘገየ። ለልጅ ልጅ ሠርግ ያመጡት ብርድ ልብስ በገመድ ታስሮ ከቀበቶው መጨረሻ ላይ ወጣ። አገር ውስጥ ተርሚናል ሲደርሱ ካውንተሩ ተዘግቷል። በዚያ ቀን የቀረው በረራ ሙሉ ነው። ስልካቸው የሳዑዲ ሲም ስለነበረ አልሠራም። ልጆቻቸው ድሬ ኤርፖርት በር ላይ በዚያ ሙቀት ቆመው እያንዳንዱን ወጪ ሰው ፊቱን ያያሉ። የመጨረሻው መንገደኛ ወጥቶ በሩ ሲዘጋ ነው ወደ እኛ ቢሮ የመጡት። ልጅቱ እያለቀሰች «እናቴ የት ገባች?» ስትል አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። እኔ ለዚህ ነው በሰዓት ጉዳይ የማልደራደረው።

ወኪሉ «ሲስተሙ ተቀብሎታል» ሊልሽ ይችላል። እውነቱን ነው፣ ሲስተሙ ይቀበለዋል። ለእያንዳንዱ ኤርፖርት ትንሹ የመሸጋገሪያ ጊዜ የሚባል ተመዝግቧል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ይሸጣል። ያ ቁጥር ግን የሚቆጥረው በወረቀት ላይ ያለውን የማረፊያና የመነሻ ሰዓት ነው። የደከመ ልጅና አዛውንት እናት አይቆጥርም።

ሌላም ምክር አለኝ። የቀኑን የመጨረሻ በረራም አትያዙ። ከአዲስ ወደ ድሬ በቀን ከአንድ በላይ በረራ አለ። የምትይዙት ከኋላው ሌላ ያለው ይሁን። አንዱ ቢያመልጥ ሌላው ይቀራል። በተለይ የምትመጣበትን ቀን ተመልከቺ። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ለቁልቢ ገብርኤል ከሆነ ወንበር የሚባል ነገር የለም። ረመዳን አልቆ ሸዋል ኢድ ሲደርስም ሐረር የሚገባው ሰው ብዙ ነው፤ በዩኔስኮ ከተመዘገበ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ እንግዳው ጨምሯል። በእነዚህ ቀናት አንድ በረራ ካመለጠ በሌላ በረራ ቦታ እስኪገኝ መጠበቅ ቀናት ሊወስድ ይችላል። እንዲያ ከሆነ አዲስ አበባ አንድ ሌሊት አድረው በማግስቱ ቢመጡ ይሻላል። ለእናታችሁም እረፍት ነው።

«ካመለጣቸው በመኪና ይመጣሉ» ያልሽውን አልወደድኩትም። ወደ ድሬም ወደ ሐረርም የሚመጡት ትላልቅ አውቶቡሶች ገና ሳይነጋ ነው ከአዲስ የሚነሱት። እነሱ ቦሌ ሲያርፉ አውቶቡሱ ከከተማ ወጥቶ ርቋል። ባቡሩም ጠዋት ከፉሪ ለቡ ነው የሚነሳው። ኮንትራት መኪና ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ፣ ያውም ከሌሊት በረራ በኋላ፣ ከሁለት ልጆች ጋር? ይቅር። ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። ትኬቱ ደርሶ መልስ ከሆነና የድሬውን በረራ ሳትናገር ትታው በመኪና ከመጣች፣ የቀረው የመመለሻ ጉዞ በሙሉ ሊሰረዝ ይችላል። ሐሳቧን ከቀየረች በረራው ሳይነሳ ለአየር መንገዱ ታሳውቅ።

ሰዓቱን ስትነግራችሁም በጥንቃቄ ስሙ። ትኬት ላይ 07:15 ካለ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ15 ነው። ከቶሮንቶ ቅዳሜ የተነሳ ሰው ቦሌ የሚደርሰው እሁድ ነው። የአገር ውስጡን ለብቻ የሚገዙ ሰዎች በመነሻው ቀን ይገዙና አውሮፕላኑ እነሱ ሳይደርሱ አንድ ቀን ቀድሞ ይሄዳል። እንደዚህ ያለ ትኬት በእጄ ይዤ አይቻለሁ።

የእናንተን መኪና በተመለከተ፣ ከድሬ ሐረር 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ግን ደንገጎ ዳገት አለ፣ ሐረማያና አወዳይ ላይ ደግሞ ከሰዓት በኋላ የጫት መኪና መንገዱን ይይዛል። አመሻሽ ላይ ከሚያርፍ በረራ ይልቅ በቀን የሚያርፈውን ምረጡ፣ ሳይመሽ ጀጎል ትገባላችሁ። ሾፌሩንም ቦሌ ላይ ቦርዲንግ ፓስ በእጃችን ገባ ብለው ሳይደውሉ ከሐረር አታንቀሳቅሱት። በረራው አንድ ሰዓት ገደማ ስለሆነ ያኔ ተነስቶም በሰላም ይደርስላችኋል። ስለዚህ እህትሽ ቦሌ ስትወጣ መጀመሪያ የአገር ውስጥ ሲም ትያዝ፣ ወይም የአዲስ አበባ ዘመድ በር ላይ ይጠብቃት።

ሲመለሱም እንዲሁ ነው። ከድሬ የሚነሳው በረራ ሊዘገይ ይችላልና ከቶሮንቶው በፊት ሰፋ ያለ ጊዜ ይኑር።

አሁን ለወኪሉ ደውይ። ትኬቱ ገና ያልታተመ፣ የተያዘ ብቻ ከሆነ ያለ ቅጣት ወደ ቀጣዩ በረራ ያዛውረዋል። ታትሞም ከሆነ ልዩነቱ ስንት እንደሆነ ይንገርሽ። ዊልቸሩን በዚያው ስልክ አስመዝግቢ፣ ሁለቱም በረራ በአንድ የቡኪንግ ቁጥር ላይ መሆኑንም አረጋግጪ። አቦ፣ በሰላም ያገናኛችሁ!