ቻርጀር ነቅሎ ሻወር ሥር መቆም፦ የተማሪ ቤት ጥያቄዎች

የአካባቢ ምህንድስና የአራተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ ከሦስት ጓደኞቼ ጋር በኪራይ ቤት እኖራለሁ። ቤት ውስጥ ኃይል፣ ውኃና ምግብ ስለመቆጠብ የምትጠይቁኝን የማውቀውን ያህል እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ማታ ማታ የስልኬን ቻርጀር ከሶኬት እነቅላለሁ። ምን ያህል ይጠቅማል?

መልስ፦ ልማድህን አልነቅፍም፤ ጥቅሙ ግን ከምታስበው እጅግ ያነሰ ነው። ስልክ ያልተሰካበት ዘመናዊ ቻርጀር የሚወስደው ኃይል ከግማሽ ዋት በታች ነው። ቤት ውስጥ ኃይል የሚበላው ሙቀት ነው። ሻወርህ በደቂቃ 10 ሊትር ያፈሳል እንበል፤ የዚያን ውኃ ሙቀት በ25 ዲግሪ ከፍ ለማድረግ በየደቂቃው 0.29 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። 5 ደቂቃ ብትቀንስ የሚተርፈው ኃይል ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ አምፖል 160 ሰዓት ያህል ያበራል፤ 50 ሊትር ውኃም አብሮ ይተርፋል። እኔ ራሴ ቻርጀር በጥንቃቄ ነቅዬ ሩብ ሰዓት ሙቅ ውኃ ሥር የምቆም ሰው ነበርኩ።

ጥያቄ፦ ልብስ በቀዝቃዛ ውኃ ይጸዳል?

መልስ፦ በጣም ካልቆሸሸ አዎ። ማሽኑ ከሚወስደው ኃይል አብዛኛው የሚሄደው ውኃውን ለማሞቅ ነው።

ጥያቄ፦ ለአንድ ኩባያ ብዬ አንድ ሊትር ውኃ አፈላለሁ። ያን ያህል ያከስራል?

መልስ፦ ሩብ ሊትር ይበቃሽ ነበር፤ ከኃይሉ ሦስት አራተኛው በከንቱ ሄደ። ለክተሽ ቅጂ፣ ድስት ከሆነም ክደኚው።

ጥያቄ፦ ፌስታል ትቼ የጥጥ ቦርሳ ገዛሁ። ትክክል ነኝ?

መልስ፦ ስንት ገዛሽ? የእንግሊዝ የአካባቢ ኤጀንሲ በ2011 ባወጣው ጥናት መሠረት፣ የጥጥ ቦርሳ በአየር ንብረት ላይ ባለው ጫና ከአንድ ጊዜ ፌስታል ጋር ለመስተካከል ቢያንስ 131 ጊዜ መያዝ አለበት። አንዱን እስኪቀደድ ያዢው። በየስብሰባው የሚታደለውን ደግሞ አትቀበዪ።

ጥያቄ፦ አምስት ሆነን ነው የምንኖረው፤ ማቀዝቀዣችን ውስጥ ሁልጊዜ የሚበላሽ ምግብ አለ።

መልስ፦ በ2022 በዓለም ከተጣለው 1.05 ቢሊዮን ቶን ምግብ 60 በመቶ ያህሉ ከመኖሪያ ቤት የወጣ መሆኑን የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም አስታውቋል። የተማሪ ቤት ችግሩ ሁሉም ለየራሱ መግዛቱ ነው፤ አምስት የተከፈተ ወተት፣ አምስት ግማሽ ሽንኩርት። እኛ ቤት ከላይ ያለው መደርደሪያ «የማንም» ተባለ፤ ሊበላሽ የደረሰ ሁሉ እዚያ ይቀመጣል፣ የራበው ያነሣል። አንድ ጓደኛችን ከዚያ ወዲህ ምግብ መግዛቱን አቁሟል ማለት ይቻላል፤ ቢሆንም ቆሻሻ መጣያችን ቀለለ።

ጥያቄ፦ መብራትና ውኃ ከኪራዩ ጋር ተደምሮ ስለሚከፈል አብረውኝ ያሉት ግድ የላቸውም።

መልስ፦ እኔ መስበክ ሞክሬ ለሦስት ቀን ተኮረፍኩ። ከዚያ በኋላ ሰዎቹን ትቼ ዕቃዎቹን ነካካሁ፦ ውኃ የሚቆጥብ የሻወር ራስ ገጠምኩ፣ የማጠቢያ ማሽኑን 30 ዲግሪ ላይ አደረግሁ። ማንም አላስተዋለም።

ጥያቄ፦ የሽንት ቤታችን ታንክ ሌሊቱን ሙሉ ሲንሿሿ ያድራል።

መልስ፦ ታንኩ ውስጥ ጥቂት የምግብ ቀለም ጨምሪና ውኃ ሳትለቂ ግማሽ ሰዓት ጠብቂ። መቀመጫው ውስጥ ቀለም ከታየ ታንኩን ከሥር የሚዘጋው ጎማ አልቋል ማለት ነው። ፎቶ አንሺና ለአከራይሽ በጽሑፍ አሳውቂ፤ በቃል ከሆነ ይረሳል።