«እግዚአብሔር የት ነበር?» ከሐዋሳ ለመጣ ጥያቄ መልስ

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። የሐዋሳ ልጅ ነኝ። አብሮ አደጌ ለሥራ በሄደችበት ከተማ፣ ሰው በተሰበሰበበት ተኩስ ተከፍቶ ከሌሎች ጋር ተገደለች። ገና ወር አልሞላትም። እኔ እዚያ አልነበርኩም፤ ግን አንድ ሰው ቪዲዮውን ላከልኝና አየሁት። ከዚያ ወዲህ መጸለይ አልቻልኩም። ገብርኤል ደጅ ድረስ እሄድና እመለሳለሁ። እግዚአብሔር ያን ሰዓት የት ነበር? ሰው ሁሉ «ፈቃዱ ነው፣ አታልቅሺ» ይለኛል። ማልቀሴ የእምነት ጉድለት ነው? ገዳዮቹንስ የግድ ይቅር ማለት አለብኝ?

መልስ፦ እኅቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። የእሷንም ነፍስ በአብርሃም፣ በይስሐቅ፣ በያዕቆብ አጠገብ ያኑርልን።

ከሁሉ በፊት ያንን ቪዲዮ ከስልክሽ አጥፊው። ዛሬውኑ። ደግመሽ አትዪው፣ ለማንም አትላኪው። በእኛ ሥርዓት የሞተ ሰው ይታጠባል፣ ይገነዛል፣ ተሸፍኖ በጸሎት ይሸኛል እንጂ ለአላፊ አግዳሚ አይገለጥም። አንቺ ስትገነዝ ልትደርሽላት አልቻልሽም። ቢያንስ በዚህ ሸፍኛት።

ወደ ልቅሶሽ ልምጣ። ጌታ አልዓዛርን ከጥቂት ደቂቃ በኋላ እንደሚያስነሣው እያወቀ፣ መቃብሩ ጋ ከመድረሱ በፊት እንባውን አፈሰሰ። እሱ ካለቀሰ አንቺን ማን ይከለክልሻል? ቅዱስ ጳውሎስም ለተሰሎንቄ ሰዎች ሲጽፍ ተስፋ እንደሌላቸው እንደ ሌሎች አትዘኑ አለ እንጂ ከነአካቴው አትዘኑ አላለም። ሰዎች ይህችን ጥቅስ ግማሿን ቆርጠው ነው ለቅሶ ቤት ይዘዋት የሚገቡት።

እውነቱን ለመናገር እኔም ከቆራጮቹ አንዱ ነበርኩ። ሰንበት ትምህርት ቤት ማስተማር እንደጀመርኩ አካባቢ፣ ልጇ የተገደለባት እናት ቤት ሄጄ ስለ እግዚአብሔር ፈቃድ ረጅም ትምህርት ሰጠሁ። ጥቅስ በጥቅስ ላይ ደረደርኩ። ሴትየዋ ቀና አለችና «መምህር፣ ልጅ አለህ?» አለችኝ። አልነበረኝም። ዝም አልኩ። ትንሽ ቆይቶ አንዲት የሰፈር እናት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ፣ አንዲት ቃል ሳይናገሩ አጠገቧ ተቀመጡ፣ እስኪመሽም አልተነሡም። የኢዮብ ወዳጆችም እኮ መጀመሪያ ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አብረውት መሬት ላይ ተቀመጡ። ነገር ያበላሹት አፋቸውን ሲከፍቱ ነው።

«የት ነበር?» ላልሽው፣ በዚያች ሰዓት ለምን አላስቆመውም የሚለውን እኔ ልነግርሽ አልችልም። አውቃለሁ ከሚልሽ ሰው ራቂ። በጌታ ዘመንም እንዲህ ያለ ወሬ መጣ። ጲላጦስ የገሊላ ሰዎችን መሥዋዕት ሲያቀርቡ ገደላቸው። ጌታም እነዚህ ከሌሎቹ የባሱ ኃጢአተኞች ስለነበሩ ነው የደረሰባቸው ብላችሁ ታስባላችሁን? አይደለም አለ። በሰሊሆም ግንብ ተደርምሶባቸው የሞቱትን 18 ሰዎችም ጨምሮ ጠቀሰ (ሉቃስ 13)። ስለዚህ «ምን አድርጋ ይሆን?» የሚል ሰው ቢመጣ፣ ያ ሐሜት እንጂ ነገረ መለኮት አይደለም።

አንድ ቀን ላስታውስሽ። ሚያዝያ 11 ቀን 2007 ዓ.ም. አይሲስ ሊቢያ ውስጥ 30 የሚያህሉ ወንድሞቻችንን የገደለበት ቪዲዮ ወጣ። ከመካከላቸው ከአዲስ አበባ ቂርቆስ ሰፈር ሥራ ፍለጋ የወጡ ልጆች ነበሩበት። በሕፃኑ ሰማዕት ስም ከሚጠራ ሰፈር! የ3 ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ፤ ምእመናንም ዛሬ ድረስ ሰማዕታተ ሊቢያ ይሏቸዋል። ብዙ ሰው ልብ ያላለው ግን ዕለቱን ነው። በዚያ ዓመት ፋሲካ ሚያዝያ 4 ነበር፤ ስለዚህ ያ እሑድ ዳግማይ ትንሣኤ ነበር። ደቀ መዛሙርቱ ከፍርሃት የተነሣ በር ቆልፈው ሳሉ ጌታ በመካከላቸው ቆሞ «ሰላም ለእናንተ ይሁን» ያለበት፣ ለቶማስም የተወጋ ጎኑን ያሳየበት ወንጌል የሚታሰብበት ቀን። እኔ ያን ቀን ሳስብ ሁሌ የሚገርመኝ ቁስሉ ነው። ከሞት ተነሥቶ፣ ሞትን አሸንፎ፣ ቁስሉን ግን አላጠፋውም። ትንሣኤ የደረሰብንን እንዳልደረሰ አያደርገውም። የእኛ ተስፋ በቁስለኛው ጌታ ነው፤ የጓደኛሽን ቁስልም ያውቀዋል።

ይቅርታን በተመለከተ አልዋሽሽም፣ ትእዛዙ አለ። እዚያው ሊቢያ፣ በየካቲት ወር 2007 ዓ.ም. አብዛኞቹ የግብፅ ኮፕቶች የሆኑ 21 ክርስቲያኖች ባሕር ዳር ተገደሉ። ከተገደሉት የሁለቱ ወንድም በቴሌቪዥን ሲናገር፣ እናቱ ገዳዩን ብታገኘው ቤቷ እንደምታስገባውና እግዚአብሔር ዓይኑን እንዲያበራለት እንደምትለምን ገለጸ። ይህን ጉባኤ ላይ ስንት ጊዜ አስተምሬዋለሁ። በሦስተኛ ሳምንት ሐዘንሽ ላይ ግን እንደ ዕዳ አልጭንብሽም። «ጌታ ሆይ፣ እኔ አልቻልኩም፣ አንተ አስችለኝ» ማለትም ጸሎት ነው። ፍትሕ መጠየቅም ከይቅርታ ጋር አይጣላም፤ ገዳይ ለፍርድ ይቅረብ ብትዪ ኃጢአት የለብሽም። በራእይ መጽሐፍ የታረዱት ነፍሳት ራሳቸው ከመሠዊያው በታች ሆነው «እስከ መቼ?» እያሉ ይጮኻሉ። በሰማይ ያሉት ከጠየቁ አንቺም ጠይቂ። መዝሙር 12ን (በሌላው አቆጣጠር 13) አውጪና አንብቢ፣ «አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?» ብሎ ይጀምራል። ከራስሽ ቃል አልወጣ ካለ የዳዊትን ተበደሪ፤ እሱም ባይሆን 41 ጊዜ «እግዚኦ» በዪ፣ ሌላ አትጨምሪ።

ለእሷ ደግሞ የምታደርጊው አለ። የክርስትና ስሟን ለካህኑ ስጪ፣ በቅዳሴ ይታሰብላት። አርባዋ ሲደርስ፣ እንደገባኝ ቅርብ ነው፣ ከቤተሰቧ ጋር ተነጋገሩና ጸሎተ ፍትሐት አስደርጉ። ትልቅ ድግስ ካልተደገሰ አይሆንም አትበሉ። በደጀ ሰላሙ ላሉት ነዳያን እንጀራ ብታደርሱ ይበቃል።

እንቅልፍ ካጣሽ፣ ምግብ ካስጠላሽ፣ ቪዲዮው ዓይንሽን በጨፈንሽ ቁጥር ከመጣብሽ ለንስሐ አባትሽ ንገሪ፣ ሐኪም ቤትም ሂጂ። ጸበሉ ሐኪሙን አይከለክልም። ራስሽን ለመጉዳት ሐሳብ ከመጣብሽ ደግሞ ነገ አትበዪ፣ አጠገብሽ ላለ ሰው በዚያው ሰዓት ተናገሪ።

ቶማስ በመጀመሪያው እሑድ አልነበረም። ማንም ከማኅበሩ አላስወጣውም፤ በስምንተኛው ቀን ከነጥርጣሬው አብሯቸው ተገኘ። አንቺም ከገብርኤል ደጅ አትመለሺ። ቅዳሴውን መቆም ካቃተሽ ከቅጽሩ ውስጥ ዛፍ ሥር ቁጭ በዪ። የግድ መጸለይ የለብሽም። ሌሎቹ ሲጸልዩ ስሚ።