ከኔፓል የመጣ ከባድ ቦዊ ቢላ ልግዛ ወይ ላልከው

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። በሁለት መስመር የሚመለስ ስላልሆነ ቁጭ ብዬ ልጻፍልህ። ሌሎችም እንዲከተሉን ጥያቄውን ላስቀድም። የምትኖረው ቨርጂኒያ ነው። የኔፓል ቀጥቃጮች በእጃቸው የሠሩት አዲስ ቦዊ ቢላ (ቦዊ ማለት ትልቅ፣ ቀጥ ያለ፣ ጫፉ የሾለ ቢላ ነው) አይተህ ልብህ ሄዷል። ስለቱ 25 ሴንቲ ሜትር፣ የጀርባው ውፍረት 9 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቱ ወደ 800 ግራም ነው። ካምፒንግ ስትወጣ እንጨት ልትፈልጥበት፣ በበዓል ደግሞ በግ ልታርድበትና ልትበልትበት አስበሃል። ብረቱ ይታመናል ወይ፣ ዋጋውንስ ያወጣል ወይ ነው ያልከው።

አጭሩን ልንገርህ። ብረቱ ይታመናል። ለእንጨቱ ይሆንሃል። ለበጉ ሌላ ቢላ ያስፈልግሃል። 9 ሚሊ ሜትሩ ግን አልተዋጠልኝም። እኔ ከኔፓል ቢላ ስገዛ ከሁሉ በፊት የማየው ክብደቱ የት ላይ እንዳረፈ ነው። ምክንያቱን ላስረዳህ።

ዶሃ ስሠራ አብሮኝ የሚኖረው ልጅ ከምሥራቅ ኔፓል፣ ከቦጅፑር የመጣ ነበር። ቦጅፑር በኩክሪ የታወቀ ተራራማ አገር ነው። ኩክሪ ማለት ያ ወደ ፊት ጎበጥ ያለው፣ ጉርካ የሚባሉት የኔፓል ወታደሮች የሚይዙት ቢላ ነው። ልጁ የቀጥቃጭ ቤተሰብ ልጅ ነው። ፈቃድ ስናገኝ አብሬው አገሩ ሄድኩ። አጎቱ ሥራ ቦታ ቁጭ ብዬ ሥራውን ከጥዋት እስከ ማታ አይቻለሁ። ከዚያ ወዲህ፣ አሁን ሜሪላንድ ከገባሁም በኋላ፣ የእነሱ ቢላ ከእጄ ወጥቶ አያውቅም። ኩክሪም አለኝ፣ ቦዊም አለኝ።

ሥራ ቦታው በአንድ በኩል ክፍት የሆነ ዳስ ነው። ከሰል፣ በእጅ የሚዞር ማራገቢያ፣ መሬት ላይ የተተከለ ትንሽ መስፍ። ዋናው ቀጥቃጭ ቁጢጥ ብሎ ብረቱን በጉጠት ይይዛል። ሁለት ጎረምሶች ፊት ለፊቱ ቆመው በየተራ በትልቅ መዶሻ ይመቱታል። ማንም አይናገርም። ቀጥቃጩ በትንሿ መዶሻው ነካ ያደረገበትን ቦታ እነሱ ይመታሉ። ብረቱ ደግሞ አዲስ ነገር አይደለም። የከባድ መኪና ባሌስትራ ነው። አገራችን ውስጥም ቀጥቃጭ መጥረቢያና ገጀራ የሚያወጣው ከዚሁ ከባሌስትራ ነው።

ባሌስትራ ሲባል አትናቀው። ብዙ ጊዜ 5160 ከሚባለው የብረት ዓይነት ነው። ካርቦኑ 0.6 በመቶ አካባቢ ነው። 0.8 በመቶ ገደማ ክሮሚየም አለበት። ይሄ ክሮሚየም ዝገት አይከላከልም፤ ለዚያ ከ10 በመቶ በላይ ያስፈልጋል። ብረቱ በጥልቀት እንዲጠነክር ግን ይረዳል። ባሌስትራ የተፈጠረው ጭነት ተሸክሞ እየታጠፈና እየተመለሰ ዓመታት እንዲቆይ ነው። ለሚቆርጥና ለሚፈልጥ ቢላ ከዚህ የተሻለ ጠባይ ያለው ብረት በዚህ ዋጋ አታገኝም።

አሁን ዋናው ጥበብ ጋ ደረስን። ቢላው ተቀጥቅጦ፣ ተሞርዶ ቅርጹን ከያዘ በኋላ እንደገና ቀይ እስኪሆን ይግላል። ቀጥቃጩ ስለቱን ወደ ላይ አድርጎ በጉጠት ይይዘዋል። በሌላ እጁ የሻይ ማንቆርቆሪያ ያነሳል። እኔ ያየሁት ክዳኑ በሽቦ የታሰረ፣ ቂጡ በጥላሸት የጠቆረ ነበር። ቀጭን ውሃ በስለቱ ላይ ብቻ ያወርዳል፣ ወዲያና ወዲህ። ስለቱ ይጠቁራል፣ ጀርባው ገና ቀይ ነው። ያቆማል። አፍጥጦ ያያል። ጀርባው ላይ የቀረው ሙቀት ወደ ስለቱ ሲመለስ ቀለሙ ይለወጣል። ያኔ እንደገና ጠብ ጠብ ያደርግበታል። ቴርሞሜትር የለም፣ ሰዓት የለም። ዓይኑ ብቻ ነው።

ውጤቱ ስለቱ ጠንካራ፣ ጀርባው ለስላሳ የሆነ ቢላ ነው። ጥሩ የተሠራ ስለት ሮክዌል በሚባለው የብረት ጥንካሬ መለኪያ ከ55 እስከ 58 ይደርሳል፤ ጀርባው ከዚያ በብዙ ይወርዳል። ሙሉ ለሙሉ የጠነከረ ቢላ ቋጠሮ ያለው እንጨት ላይ ሲያርፍ ሊሰበር ይችላል። ይሄኛው ምቱን በጀርባው ይውጠዋል።

ግን እዚህ ጋ ስለ ቦዊ ልታውቀው የሚገባ ነገር አለ። ኩክሪ የሚቆርጠው በሆዱ፣ ማለትም ስለቱ በሚሰፋበት ቦታ ነው። ስለዚህ ቀጥቃጩ ውሃውን አብዝቶ የሚያወርደው ሆዱ ላይ ነው። ጫፉና ወደ እጀታው ያለው ክፍል ለስለስ ብሎ ቢቀር ለኩክሪ ጉዳት የለውም። የቦዊ ነገር ሌላ ነው። ጀርባው ወደ ጫፉ ሲደርስ ተቆርጦ የሚሾለው ለመውጋትና ለጥቃቅን ሥራ ነው። ኩክሪ ሲሠራ የኖረ እጅ ቦዊውንም በኩክሪ ልማድ ውሃ ካጠጣው ጫፉ ለስላሳ ሆኖ ይቀራል። የቆርቆሮ ምግብ ለመክፈት ስትሞክር ይታጠፍብሃል። ሻጩን በግልጽ ጠይቀው፦ ጫፉም ውሃ ጠጥቷል ወይ? ቢላው እጅህ ሲገባ ደግሞ ትንሽ ሞረድ አምጣና ስለቱን ከእጀታው እስከ ጫፉ በቀስታ ነካ ነካ አድርገው። ሞረዱ የሚንሸራተትበት ቦታ ጠንካራ ነው። የሚነክስበት ቦታ ለስላሳ ነው። በውሃ የቀዘቀዘ ብረት አንዳንዴ ይሰነጠቃልና ስለቱን በደማቅ መብራት ሥር አገላብጠህ እይ። ከስለቱ ወደ ጀርባው የሚወጣ ጸጉር የመሰለ መስመር ካየህ ሳትጠቀምበት መልሰው።

ወደ ክብደቱ ልምጣ። ኩክሪ ከባድ ሆኖ እጅ የማያደክመው በቅርጹ ነው። እጀታው አካባቢ ጠበብ ይላል፣ ሆዱ ጋ ይሰፋል፣ ጉብጠቱ ደግሞ ክብደቱን ወደ ፊት ይወስደዋል። ስታወርደው ራሱ ይሄዳል። ቦዊ ቀጥ ያለ ነው። ያንን ጉልበት ለማግኘት አንዳንዱ ሠሪ ብረቱን ወፍራም አድርጎ ይተወዋል፤ ገዢም ፎቶ ላይ ወፍራም ነገር ሲያይ ደስ ይለዋል። ወፍራም ቢላ ግን እንጨት ውስጥ ይወተፋል እንጂ ጠልቆ አይገባም። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ደግሞ አንጓህ ይዝላል። የዛለ አንጓ የያዘው 800 ግራም ቢላ ወደ ጉልበትህ ቢስት ምን እንደሚሆን አስበው።

እኔ የምመርጠው እጀታው ጋ ከ6 እስከ 7 ሚሊ ሜትር ሆኖ ወደ ጫፉ ሲሄድ ወደ 4 የሚቀጥን ነው። ክብደቱ 600 ግራም አካባቢ ከሆነ ለ25 ሴንቲ ሜትር ስለት በቂ ነው። ከእጀታው እስከ ጫፉ እኩል ወፍራም የሆነ ቢላ ከሆነ እለፈው። ቀጥቃጩ ብረቱን ወደ ጫፉ አላቀጠነውም ማለት ነው። ብዙውን የሠራው ግራይንደር ነው።

እጀታውን አደራ እየው። በኔፓል ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው የስለቱ ጭራ በእጀታው መሐል አልፎ ከኋላ የሚመታ ነው። ሁለተኛው ጭራው የእጀታውን ሙሉ ስፋት ይዞ ግራና ቀኝ እንጨት ወይም ቀንድ የሚመታበት ነው። ለከባድ ቦዊ ሁለተኛውን ምረጥ። ማጣበቂያቸው ላሃ የሚባል የተፈጥሮ ሙጫ ነው። ጥሩ ነው፣ ግን ሙቀት አይወድም። በበጋ መኪና ውስጥ ጥለኸው ከዋልክ ይለሰልሳል። እጀታው የጎሽ ቀንድ ከሆነ ደግሞ ክረምት ላይ የቤት ማሞቂያ ያደርቀውና ይሰነጠቃል። ለአንተ እንጨቱ ይሻላል። ርዝመቱንም ጠይቅ። ብዙዎቹ እጀታዎች አጠር ይላሉ፤ መዳፈ ሰፊ ሰው አራት ጣቱን ማሳረፍ ይቸግረዋል። ጣት እንዳይንሸራተት የሚደረገው የናስ መከላከያ ከስለቱ ጋር በሚገናኝበት ስንጥቅ ውሃ እንዳይገባ በደንብ መደፈኑን አረጋግጥ። እዚያ ውስጥ የገባ ዝገት አይታይም።

ሰገባውን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ፦ ቢላውን ስትመዝ ጣቶችህ በስለቱ በኩል ያለውን የሰገባ ጠርዝ አይክበቡ። ስለቱ ስፌቱን ቆርጦ ሊወጣ ይችላል። የኔፓል ልጆች መጀመሪያ የሚያስተምሩህ ይህንን ነው።

ስለ በጉ። ኔፓሎች በዳሻይን በዓላቸው በኩክሪ ፍየል ይሠዋሉ፤ ግን ከማጅራቱ በኩል በአንድ ምት ነው። የእኛ አስተራረድ ባርኮ ጉሮሮውን በስለት መሳብ ነው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም እንዲሁ ነው። ለዚህ ቀጭን፣ ምላጭ የሆነ ቢላ ያስፈልጋል። ወፍራም ቦዊ እንስሳውን ያሠቃየዋል። ቆዳ መግፈፍም በእሱ አይታሰብም፤ ቆዳውን ትበሳዋለህ። ቦዊው የሚያገለግልህ አጥንት ላይ ነው። ጎድንና አከርካሪ ለመስበር አሪፍ ነው። ስለዚህ አንድ ትንሽ የሥጋ ቢላ አብረህ ያዝ።

አያያዙ ከባድ አይደለም። ሲመጣ ለመንገድ ተብሎ ቅባት ስለሚቀባ በሙቅ ውሃና በሳሙና እጠበውና ወዲያው አድርቀው። ከዚያ ፋርማሲ የሚሸጠውን ለሰው የሚሆን የማዕድን ዘይት በስሱ ቀባው። የምግብ ዘይት አትቀባ፣ ይበላሻል። ሥጋና ሽንኩርት ሲነካ ሰማያዊ ወይም ግራጫ ይሆናል። ያ ዝገት አይደለም፣ ተወው። ቀይ ቡናማ ካየህ ግን ቶሎ አጥፋው። ለረጅም ጊዜ የምታስቀምጠው ከሆነ ከቆዳ ሰገባው አውጥተህ አስቀምጠው፤ ቆዳ እርጥበት ይይዛል። የስለቱ ግራና ቀኝ ጎን ጠፍጣፋ ሳይሆን ወደ ውጭ ጎበጥ ያለ ስለሆነ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አትጋደል። ለስላሳ ነገር ላይ፣ ለምሳሌ ወፍራም ቆዳ ላይ፣ የብርጭቆ ወረቀት አንጥፈህ ቢላውን ወደ ጀርባው በኩል እየጎተትክ ሳለው።

ሕጉን አትርሳ፣ በተለይ አንተ። ቦዊ የሚለው ስም የመጣው ከጂም ቦዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1827 ሚሲሲፒ ወንዝ ላይ ናቼዝ አጠገብ በተነሳ ጠብ በትልቅ ቢላ ተዋግቶ ስሙ ገነነ፤ በ1836 ቴክሳስ ውስጥ በአላሞ ውጊያ ሞተ። ቢላው ተፈላጊ ሲሆን የእንግሊዝ ሼፊልድ ፋብሪካዎች ሳይቀሩ ለአሜሪካ ገበያ እየሠሩ ላኩት። ወዲያው ግዛቶቹ ሕግ ያወጡበት ጀመር። አላባማ በ1837 ሽያጩ ላይ 100 ዶላር ግብር ጣለች፤ ቴነሲና ቨርጂኒያ በ1838 ሕግ አወጡ። የቨርጂኒያ ሕግ እስከ ዛሬ ቦዊን በስሙ ይጠራል፤ ደብቀህ መያዝ ክልክል ነው። እዚህ ሜሪላንድም ስሙ ሕጉ ውስጥ አለ። ስለዚህ ጃኬት ሥር እንዳትከተው፣ መኪና ወንበር ሥርም እንዳትሸጉጠው። ከካምፕ ዕቃ ጋር በሳጥን ውስጥ ቆልፈህ ከኋላ ጫነው። ሸናንዶዋህ የምትሄድ ከሆነ ደግሞ በብሔራዊ ፓርክ ውስጥ የቆመ ዛፍ መቁረጥ ክልክል ነው።

ስለ ዋጋው ደግሞ አንድ ነገር ልናገር፣ ምክንያቱም ይከነክነኛል። እነዚህ ቀጥቃጮች ካሚ ከሚባለው ወገን ናቸው። ብዙዎቹ ቢሽዋካርማ ይባላሉ። በኔፓል የዘር ሥርዓት ውስጥ የማይነኩ ተደርገው ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ1963 የወጣው ሕግ ያንን ቢያስቀርም፣ ልጁ ሲያወራኝ እናቱ ጎረቤት ቤት ገብታ ውሃ የማትቀዳበት ጊዜ ሩቅ እንዳልሆነ ነግሮኛል። አገሩ በሙሉ የሚኮራበት ቢላ ከእጃቸው ይወጣል፣ እነሱ ግን ደጅ ይቆማሉ። ቀጥቃጭን ቡዳ ስንል ለኖርን ለእኛ ይሄ አዲስ ወሬ አይደለም። አጎቱ ቤት ቡና ቀርቦልኝ ስጠጣ የልጁ ፊት ምን ያህል እንደበራ አልረሳውም። ስለዚህ በጣም ርካሽ የሆነውን አትፈልግ። ርካሽነቱ ከነጋዴው ኪስ አይወጣም፤ መዶሻ ከሚያነሳው ሰው ነው የሚቀነሰው። ሠሪው ማን እንደሆነ የሚናገር፣ ምልክቱን ብረቱ ላይ የሚያስመታ ሻጭ ካገኘህ ትንሽ ጨምረህ ከእሱ ግዛ።

ከመግዛትህ በፊት ሻጩን ሁለት ፎቶ ጠይቀው። አንዱ ከጀርባው በኩል ቀጥታ ወደ ታች የተነሳ ይሁን፣ ወደ ጫፉ መቅጠኑ እንዲታይ። ሁለተኛው ስለቱ ከመከላከያው ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ከቅርብ ያሳይ። ሲልክልህ እዚሁ ለጥፈው፣ አብረን እናየዋለን።