የአንባቢያን ጥያቄ፦ አልፈታ ያለው ሳይለንሰር

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ቴክሳስ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት የምዝገባ ወረቀቱን ጨርሼ ለ.22 ሽጉጤ (ትንሿን ጥይት ለሚተኩሰው) ሳይለንሰር፣ ማለትም አፈሙዙ ላይ የሚገጠም የድምፅ መቀነሻ ቱቦ፣ ገዛሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጓደኞቼ ጋር ተኩስ ሜዳ ስለምሄድ እስካሁን ወደ 2,000 ጥይት ሳልተኩስበት አልቀረሁም፤ አንድ ቀን እንኳ ፈትቼ አላጸዳሁትም። ባለፈው ሳምንት ልፈታው ብል የኋላ ክዳኑ ወጣልኝ፣ ውስጡ ያሉት ባፍሎች (ቱቦውን በክፍል በክፍል የሚለዩት መሃላቸው ቀዳዳ ያላቸው ቁርጥራጮች) ግን ከቱቦው ጋር ተጣብቀው ንቅንቅ አይሉም። ቱቦው አሉሚኒየም፣ ባፍሎቹ አይዝጌ ብረት ናቸው። አንዱ ጓደኛዬ በመዶሻ ምታው ይለኛል፣ ሌላው አቼቶና ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ቀላቅለህ ዘፍዝፈው ይለኛል። የትኛውን ልስማ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሁለቱንም አትስማ። በተለይ የአቼቶውን ነገር እርግፍ አድርገህ ተው። ድብልቁ እርሳስ ማሟሟቱ እውነት ነው፤ ሰዉ የሚወደውም ለዚያ ነው። የሟሟው እርሳስ ግን የትም አልሄደም፤ ውሃው ውስጥ መርዝ ሆኖ ተቀምጧል። ጠጣር እርሳስ በእጅ ቢነካ ታጥበህ ትገላገለዋለህ፣ ይኸኛው ግን በቆዳ በኩል ሰውነት ውስጥ ሊገባ ይችላል። ከዚያ በላይ ደግሞ አሲድ አሉሚኒየም ይበላል። ያንተ ቱቦ አሉሚኒየም ነው፤ ቆሻሻውን ላስለቅቅ ብለህ ቱቦውን ታጣለህ።

አሁን ውስጡ ምን እንደተፈጠረ ልንገርህ፤ እሱን ካወቅህ የምትሠራውን ራስህ ታገኘዋለህ። እኔ ሽጉጥ ጥገና ከመግባቴ በፊት አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ነው ያደግሁት። ያረጀ የመኪና ማርሚታ ሰንጥቆ ያየ ሰው ሳይለንሰር አይከብደውም። በ1909 የሳይለንሰርን ፓተንት ያወጣው ሂራም ፐርሲ ማክሲም፣ የዚያ የማክሲም መትረየስ ፈልሳፊ ልጅ፣ ለሞተርም ድምፅ መቀነሻ የሠራ ሰው ነው። ሐሳቡ አንድ ነው፦ ትኩሱን ጋዝ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው እያዞሩ ማቆየትና ቀስ ብሎ እንዲወጣ ማድረግ። ጋዙ ሲቆይ ይዞት የመጣው ቆሻሻም አብሮ ይቆያል። የ.22 ጥይት ደግሞ ለስላሳ እርሳስ ነው፤ መዳብ የተቀባውም ቢሆን ቅቡ ስስ ነው። በእያንዳንዱ ተኩስ የእርሳስ ብናኝ፣ ያልተቃጠለ ባሩድና ጥላሸት በባፍሎቹና በቱቦው መካከል ባለው የፀጉር ያህል ክፍተት ይገባና ይጠቀጠቃል። ያንተ ባፍሎች የተጣበቁት በዚህ ነው። የምታስለቅቀውም እዚያ ክፍተት ውስጥ በመግባት እንጂ በመደብደብ አይደለም።

መጀመሪያ ሽጉጡን አራግፈህ፣ ሳይለንሰሩን ለይተህ ሽጉጡን ቆልፍበት። መመሪያውን አንብብና የፊት ክዳኑም የሚፈታ ከሆነ አምራቹ በሰጠህ መፍቻ ፍታው። የቧንቧ መፍቻ እንዳታስጠጋ፣ ጥርሱ አሉሚኒየሙን ይፍቀዋል። ከዚያ ቱቦውን ጣሳ ውስጥ አቁመህ፣ ለዛገ ብሎን የምንጠቀምበትን ሰርጎ የሚገባ ዘይት ከላይ አንቆርቁርበት። ጠዋት አንዴ፣ ማታ አንዴ ገልብጠው። ሁለት ቀን አልበቃ ካለ አራት ቀን ይሁን። እዚህ ላይ ነው ሰው የሚቸኩለው፤ አንተ አትቸኩል።

ከዚያ ዘይቱን በደንብ ጠርገህ፣ ከቤት ውጭ፣ ቱቦውን በፀጉር ማድረቂያ አሙቀው። እሳት ግን በፍጹም አይሆንም፤ ዘይቱ ይቀጣጠላል፣ አሉሚኒየሙ ጥንካሬውን ያጣል፣ የእርሳሱም ጭስ ለሳንባህ ነው። ማሞቁ የሚሠራው አሉሚኒየም ሲሞቅ ከአይዝጌ ብረት የበለጠ ስለሚሰፋ ነው፤ አንዱ 23 ሲሰፋ ሌላው 17 ገደማ ነው ብለህ አስበው። ቱቦው ላላ ይልና ባፍሎቹን ይለቃል። (ቱቦው ቲታኒየም፣ ውስጡ አሉሚኒየም የሆነበት አንባቢ ካለ ነገሩ ለእሱ ይገለበጣል፤ በላስቲክ ጠቅልሎ በረዶ ውስጥ ያስቀምጠው።)

ቱቦው ሞቅ እንዳለ በጠንካራ የእንጨት ዘንግ ግፋ። ዘንጉ ቱቦው ውስጥ ልክክ ብሎ የሚገባ፣ ጫፉም ጠፍጣፋ ይሁን፤ ግፊቱ የባፍሉ ዳር ላይ እንዲያርፍ ነው። በቀጭን ብረት መሃሉን ከገፋህ የጥይቱ መተላለፊያ ቀዳዳ ይጣመማል። በጎማ መዶሻ ቀስ አድርገህ ዘንጉን ብታንኳኳ ግድ የለም። ካልተንቀሳቀሰ ወደ ዘይቱ መልሰው። ሦስት ጊዜ ሞክረህ እምቢ ካለ አምራቹ ዘንድ ላከው።

ሞርሳ ላይ ደግሞ እንዳታስረው። የራሴን የመጀመሪያ ሳይለንሰር ያጣሁት እንደዚያ ነው። በሞርሳ ጠበቅ አድርጌ ይዤ ስገፋ ቱቦው እንቁላል መሰለ፣ ባፍሎቹም ከነጭራሹ እዚያው ቀሩ። በመዝገብ ያለው የመለያ ቁጥር የተቀረጸው ቱቦው ላይ ስለሆነ ሌላ ቱቦ ገዝቼ መተካት አልቻልኩም፤ ለጥገና ልኬው ወራት ጠበቅሁ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

አንድ ባፍል ቢሰበርብህም ነገሩ ያው ነው። በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ለሳይለንሰር ብቻ የተሠራ ክፍል ለብቻው እንደ ሳይለንሰር ይቆጠራል። ባለቤቱ ፈትቶ ማጽዳት ይችላል፤ መለዋወጫ ባፍል አዝዞ ማስቀመጥ ወይም ቤቱ መቅረጽ ግን ወንጀል ነው። በ1934 የወጣው ሕግ የጣለው የ200 ዶላር ታክስ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ለሳይለንሰር ዜሮ ሆኗል፤ ምዝገባው ግን እንዳለ ነው። ብዙ ወገኖቻችን ይህን ሲያምታቱ እሰማለሁ። ከቨርጂኒያ ይዘው ዋሽንግተን ዲሲ የሚሻገሩም አሉ፤ ቨርጂኒያ የሚፈቅደውን ዲሲ ይከለክላል።

ባፍሎቹ ሲወጡ አንድ በአንድ በስልክህ ፎቶ አንሣ፣ ተራቸውንም ቁጥር ጻፍባቸው፤ መጀመሪያ ላይ ያለው ብዙ ጊዜ ከሌሎቹ ይለያል። እርሳሱን ስትፍቅ ሁልጊዜ በዘይት አርጥበህ፣ በጓንት፤ በደረቁ ከፋቅኸው አቧራውን ትተነፍሰዋለህ። በአልትራሳውንድ የሚያጥብ ማሽን ካለህ ብረቶቹን ብቻ ክተት፣ አሉሚኒየሙን አታስገባ። ስትገጥም የብሎን ጥርሶቹንና የቱቦውን ውስጥ ስስ ዘይት አስነካ። ከመተኮስህ በፊት ቀጥ ያለ የመለኪያ ዘንግ በአፈሙዙ በኩል አሳልፈህ መሃል ለመሃል መሄዱን አይተህ አረጋግጥ። ከዚህ በኋላ እኔ እንደማደርገው በየ500 ጥይቱ ፍታው፤ በእጅህ ይወጣልሃል።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ሽጉጡንና ሳይለንሰሩን የሚያጸዳው ኩሽና ውስጥ ነው፤ ሲንኩ ላይ ያጥባቸዋል። የሁለት ዓመት ልጅ አለን። ስነግረው «ሳሙና ነው» ይለኛል። ችግር አለው? (ከሜሪላንድ)

መልስ፦ አለው እህቴ፣ ትልቅ ችግር አለው። ይህን ገጽ አሳዪው። ለሕፃን ደህና የሚባል የእርሳስ መጠን የለም፤ የሚጎዳውም አንጎልን ነው። ልጅ መሬት ይድሃል፣ እጁን አፉ ይከታል። ሥራው ወደ ጋራዥ ይውጣ፤ የሚሠራበት ጨርቅና ልብስ ከልጁ ልብስ ጋር አይታጠብ፤ ልጁን ከማቀፉ በፊት እጁንና ፊቱን ይታጠብ፣ ጫማውን ውጭ ይተው። ጥቁሩ ዝቃጭ በክዳን ዕቃ ተጠራቅሞ ካውንቲው አደገኛ ቆሻሻ ወደሚቀበልበት ቦታ ይሄዳል እንጂ ሲንክ ውስጥ አይፈስም። ሲንኩንና ወለሉን በእርጥብ ጨርቅ አጽድታችሁ ጨርቁን ጣሉት፤ በመጥረጊያ አትጥረጉ።

የልጁን ሐኪም ደውለሽ የእርሳስ የደም ምርመራ ጠይቂ። ትንሽ ደም ብቻ ነው የሚወስዱት። ቀጠሮውን በዚህ ሳምንት ያዢ።